የደች ረጃጅም ቃላት የት ይቆረጣሉ? እንዴትስ ይነበባሉ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ኔዘርላንድስ ነው፤ ለኢንቡርኸሪንግ (የውጭ አገር ሰው ከአገሩ ኅብረተሰብ ጋር ለመዋሃድ የሚወስደው) ፈተና እየተዘጋጀሁ ነኝ። ከማዘጋጃ ቤት፣ ከግብር መሥሪያ ቤትና ከጤና መድን የሚመጡልኝ ደብዳቤዎች ላይ ያሉት ረጃጅም ቃላት አስቸገሩኝ። አስተማሪያችን ‹ቆራርጣችሁ አንብቡ› ትለናለች፤ እኔ ግን የት እንደምቆርጥ አላውቅም። ቆርጬ ስናገርም ሰው አይገባውም። ለምሳሌ መጽሐፉ ‹ዳር-ኦም› (ስለዚህ) ብሎ ይከፍላል፣ ሰው ሁሉ ግን ‹ዳሮም› ነው የሚለው። ሕጉ ምንድን ነው?»

ምላሽ፦

መጽሐፉም ልክ ነው፣ ሰዎቹም ልክ ናቸው። ደች ውስጥ ቃል የሚከፈለው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው፤ አንዱ ለጽሑፍ፣ ሌላው ለአፍ። የጽሑፉ ክፍፍል የተደነገገው መስመር ሲያልቅ ቃል እንዴት እንደሚቆረጥ ለመወሰን ሲሆን፣ ጥምር ቃሉ ከምንና ከምን እንደተገጠመ ያከብራል። «ዳሮም» ከ«ዳር» እና ከ«ኦም» የተገጠመ ስለሆነ በጽሑፍ ዳር-ኦም ነው። በላቲኑ አጻጻፍ ሁለቱ አ ሳይቀነሱ የቀሩትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቃሉ እንደ ተራ ቃል ዳ-ሮም ተብሎ ቢቆረጥ ኖሮ አንድ አ ብቻ ይበቃው ነበር። አፍ ግን ለመገጣጠሚያው ደንታ የለውም፤ አናባቢ ሲከተላት ኤሯን (የር ድምፅን) ይዟት ወደፊት ይሄዳል፣ ዳ-ሮም ይላል። «ዋሮም» (ለምን) እንዲሁ ነው። «አኽተራውይት» (ወደ ኋላ) በጽሑፍ አኽ-ተር-አውይት፣ በአፍ አኽ-ተ-ራውይት ነው። «ፈራንደሪንግ» (ለውጥ) በጽሑፍ ፈር-አን-ደ-ሪንግ፣ በአፍ ፈ-ራን-ደ-ሪንግ ነው።

ስለዚህ ለመናገር የሚፈልጉት የመጽሐፉን ሰረዝ ሳይሆን ሦስት ነገሮችን ማወቅ ነው፤ መገጣጠሚያው የት እንዳለ፣ አጽንዖቱ (ጠንከር ተብሎ የሚረገጠው ድምፅ) የትኛው ቁራጭ ላይ እንደሚያርፍ፣ መገጣጠሚያው ላይ ድምፆቹ ምን እንደሚሆኑ። ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው።

ከመቀጠሌ በፊት ስለ አጻጻፌ ላስረዳ። የደች ቃላትን በፊደላችን ስጽፍ «+» ቁራጭ ከቁራጭ የተገጠመበትን ቦታ፣ «-» ደግሞ ቀለም ከቀለም የሚለይበትን ያሳያል። ቀለም የምለው ግጥም ስንቆጥር የምንለውን፣ በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚወጣውን የቃል ክፍል ነው። የተዋጠችውን ደካማ አናባቢ በግዕዝ (በመጀመሪያው) ቤት እጽፋታለሁ፤ «ደ»፣ «ተ»፣ «ከ» እንደማለት። ከጉሮሮ የሚወጣውን ድምፅ በ«ኸ» ጽፌዋለሁ፤ ትግርኛ የሚችል ሰው ኸውን እንደ ትግርኛው ቢለው ለሰሜኑ የደች አነጋገር ይቀርባል። «አውይ» ብዬ የጻፍኩት ከንፈርን ክብ አድርጎ የሚባለውን የ«ሃውይስ»ን (ቤት) ድምፅ ነው። የላቲን ፊደላቱን ደግሞ በደች ስማቸው እጠራቸዋለሁ፦ ቤ፣ ዴ፣ ኤን፣ ኤስ፣ ቴ፣ ፌ፣ ዜት፣ ኼ እያልኩ።

መገጣጠሚያውን መፈለግ

ረጅም ቃል የሚፈታው ከኋላ ነው። የመጨረሻው ቁራጭ ነገሩ ምን እንደሆነ ይናገራል፣ ከፊቱ ያሉት ምን ዓይነት እንደሆነ ይለያሉ። ከፊት ጀምሮ ማንበብ የለመደ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። «ኪንደርኦፕፋንግቱስላኽ»ን ይውሰዱ፤ መጨረሻው «ቱስላኽ» (ድጎማ) ነው፣ ከፊቱ «ኦፕፋንግ» (ማቆያ)፣ ከዚያ «ኪንደር» (ልጆች)። የልጆች ማቆያ ድጎማ። ቁራጮቹ ሦስት፣ ቀለሞቹ ስድስት፦ ኪን-ደር+ኦፕ-ፋንግ+ቱ-ስላኽ።

ለእርስዎ ደብዳቤዎች የሚያስፈልጉት የኋላ ቁራጮች ብዙ አይደሉም። «ቱስላኽ» (ድጎማ)፣ «ፈርዜከሪንግ» (መድን)፣ «ፈርኸኒንግ» (ፈቃድ)፣ «ዲንስት» (አገልግሎት)፣ «ካርት» (ካርድ)፣ «ሃውይስ» (ቤት)፣ «ፎርሙሊር» (ቅጽ)፣ «አንፍራኽ» (ማመልከቻ)። እነዚህን በዓይን የለመደ ሰው ቃሉ የቱንም ያህል ቢረዝም ቢያንስ ጅራቱን ይይዛል።

ሌላው ምልክት በመካከል የምትገባው ኤስ ናት። «ሄይት»፣ «ቴይት» ወይም «ስኻፕ» በሚሉ መድረሻዎች ላይ ኤስ ተጨምራ ቃሉ ከቀጠለ መገጣጠሚያው እዚያው ነው፤ «ኸዞንትሄይትስ+ዞርኽ» (የጤና አገልግሎት)፣ «ኡኒቬርሲቴይትስ+ቢብልዮቴክ» (የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት)። «ኢንግ» የሚለው መድረሻም አብዛኛውን ጊዜ ኤስ ይወስዳል፣ «ፈርዜከሪንግስ+ካርት» እንደሚባለው። አብዛኛውን ጊዜ ነው ያልኩት፤ እጅግ የታወቀው መሥሪያ ቤት፣ ግብር ሰብሳቢው «በላስቲንግ+ዲንስት»፣ ኤስ የለውም። በዚህ ላይ ምክንያት ፍለጋ ጊዜ ማባከን አያስፈልግም፣ በቃል መያዝ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «አርቤይትስኦንኸስኺክትሄይትስፈርዜከሪንግ» የሚለውን ቃል አምጥቶ ያስፈራራዎት ይሆናል። ሥራ መሥራት ላልቻለ ሰው የሚከፈል መድን ነው። ከኋላ ሲፈታ ፈርዜከሪንግ፣ ከፊቱ በኤስ የታሰረ ኦንኸስኺክትሄይት (አለመብቃት)፣ ከፊቱ በኤስ የታሰረ አርቤይት (ሥራ)። ኤሶቹ ሁለቱንም በር ከፍተው ይጠብቁዎታል፤ ቀለሞቹ አሥር ናቸው።

ምልክት የሌላቸው ጥቂት ቃላት ግን የአገሩን ሰው ራሱን ያሳስታሉ። «ዴይክራምፕ» ሁለት ዓይነት ይነበባል፦ ዴይ+ክራምፕ ሲሆን የጭን ቁርጥማት፣ ዴይክ+ራምፕ ሲሆን ግድብ ተደርምሶ የሚመጣ አደጋ። («ራምፕ»ን ያስታውሱት፤ በየካቲት 1953 እ.ኤ.አ. ደቡብ ምዕራቡን ያጥለቀለቀውና በኔዘርላንድስ 1836 ሰው የገደለው ጎርፍ «ዋተርስኖት+ራምፕ» ነው የሚባለው።) «ክዋርትስላኸን»ም እንዲሁ ነው፤ ክዋርት+ስላኸን ሩብ ዙሮች፣ ክዋርትስ+ላኸን የኳርትዝ ድንጋይ ንብርብሮች። «ኬርስቶማትየ» ኬርስ+ቶማትየ ሲሆን ትንሿ ቲማቲም ናት፤ ኬርስት+ኦማትየ ብሎ የሚያነባት የገና አያት ያደርጋታል። እንዲህ ያሉት የሚለዩት በዙሪያቸው ባለው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው።

በቁራጩ ውስጥ

መገጣጠሚያው ከተገኘ በኋላ የእያንዳንዱ ቁራጭ ቀለም በተራ ደንብ ይከፈላል። በሁለት አናባቢ መካከል አንድ ተነባቢ ካለ ወደፊት ይሄዳል፤ ዋ-ተር። ሁለት ካሉ ይካፈላሉ፤ ኪን-ደር፣ ሜስ-ተር፣ ካስ-ተን። ብዙ ተማሪ ኤስና ቴ አብረው መሄድ ያለባቸው ይመስለውና «ሜ-ስተር» ይላል፤ ደንቡ ግን እንዲህ አይልም። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ነው የደች ቃል ሊጀመርበት የሚችለው ያህል ወደፊት የሚሄደው፤ ቬን-ስተር (መስኮት)። ሴና ሃ ተያይዘው የኸን ድምፅ ሲጽፉ ምንጊዜም አይለያዩም፤ ላ-ኸን (መሳቅ)። ኤንና ኼ ግን በአፍ አንድ ድምፅ ሆነው ሳሉ በጽሑፍ ይለያያሉ፤ እንደ «ዚንገን» (መዝፈን) ባለው ቃል የመጀመሪያው ቀለም በኤን ያልቃል፣ ሁለተኛው በኼ ይጀምራል።

ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ለሰረዝ አይደለም፣ ለአናባቢው ርዝመት ነው። አንድ አናባቢ ቀለሙን ከዘጋ ረጅም ነው፣ ተነባቢ ከዘጋው አጭር ነው። ደች ተነባቢ ደርቦ የሚጽፈውም ከፊቱ ያለውን አናባቢ አጭር ለማድረግ ነው። ስለዚህ በተሳሳተ ቦታ የቆረጠ ሰው አናባቢውንም ይሳሳታል። ኤ ደግሞ ሦስት መልክ ስላላት የባሰች ናት። «ቤ-ደ-ለን» ልመና ነው፣ «በ-ዴ-ለን» ማከፋፈል፤ የሁለቱም ፊደላት ግን አንድ ናቸው።

የቁራጩ ደንብ መገጣጠሚያውን አይሻገርም። «ባንክ+አፍስኽሪፍት» (የባንክ መግለጫ) ምንጊዜም ባንክ-አፍ-ስኽሪፍት ነው እንጂ ባን-ካፍ አይሆንም። ለአፍም ቢሆን መገጣጠሚያው አንዳንድ ቦታ ምልክቱን ይተዋል፤ «አ-ቮንት+ኤ-ተን» (እራት) ጥሩ ማሳያ ነው። አቮንት (ምሽት) በዴ ነው የሚጻፈው። ብዙ ቁጥሩ «አ-ቮን-ደን» ሲሆን ዴዋ ነፍስ ዘርታ ትሰማለች። እራቱ ላይ ግን አናባቢ እየተከተላትም ት ሆና ትቀራለች። ምክንያቱም አፍ እያንዳንዱን ቁራጭ ለብቻው እንደሚያልቅ ቃል ነው የሚጨርሰው፤ በቃል መጨረሻ ደግሞ ደች ዴን ት፣ ቤን ፕ አድርጎ ነው የሚያነበው። «አቮንደተን» የሚል ሰው ወዲያው የውጭ ሰው መሆኑ ይታወቃል።

አጽንዖት

የማይግባቡበት ዋናው ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ይህኛው ነው። አማርኛ ቀለሞቹን እኩል እኩል እየረገጠ ይሄዳል፤ ደች አንዱን ቀለም ረግጦ ሌላውን ይውጣል። ኸውን አሳምረው፣ አውይን አሳምረው፣ አጽንዖቱን ከሳቱ ሰሚው ሌላ ቃል ይፈልጋል። ኸን እንደ ተራ ሀ ብለው አጽንዖቱን ካገኙ ግን ይገባዋል።

ደንቡ አጭር ነው፤ የስም ጥምር ቃል ዋና አጽንዖት የሚያርፈው የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ማለት ግን የመጀመሪያው ቀለም ላይ ማለት አይደለም። ቁራጩ ለብቻው ሲነገር አጽንዖቱ የት ነበር? እዚያው ይቆያል። «ኸሜንተ» (ማዘጋጃ) ሜ ላይ ነው የሚረገጠው፣ ስለዚህ «ኸ-ሜን-ተ+ሃውይስ»ም ሜን ላይ ነው። «በላስቲንግዲንስት» ላስ ላይ። «ኸዞንትሄይትስዞርኽ» ዞንት ላይ። በ-፣ ኸ-፣ ፈር-፣ ኦንት- የሚሉት መነሻዎች በእንዲህ ያሉ ቃላት ውስጥ አጽንዖት አይሸከሙም፤ እነሱን ረግጦ የጀመረ ሰው ቃሉን ከመነሻው ያበላሻል። «ዚከንሃውይስ» (ሆስፒታል)፣ «ዚክተኮስተንፈርዜከሪንግ» (የሕክምና ወጪ መድን)፣ «ኪንደርኦፕፋንግቱስላኽ» ግን መነሻ ስለሌላቸው የመጀመሪያው ቀለም ላይ ይረገጣሉ። «ስታሾንስ+ፕሌይን» (የባቡር ጣቢያ አደባባይ) ሾንስ ላይ ነው። በነገራችን ላይ ይህ ቃል በጽሑፍ አራት ቀለም ተብሎ ይቆረጣል፣ በአፍ ግን ሦስት ነው።

ከደንቡ የሚወጡትን በየቀኑ ስለሚጠሯቸው ይወቋቸው። «ስታትሃውይስ» (የከተማው ማዘጋጃ ሕንፃ) ሃውይስ ላይ ነው የሚረገጠው። በ-ዳም የሚያልቁ ከተሞች፣ አምስተርዳም፣ ሮተርዳም፣ ዛንዳም፣ ሁሉም ዳም ላይ። «ዛውይት-ሆላንት» እና «ኖርት-ብራባንት» ሁለተኛው ቃል ላይ። ዳሮምና ዋሮም ሮም ላይ። «ኤይስካውት» (እንደ በረዶ የቀዘቀዘ) የመሳሰሉ ማጋነኛ ቅጽሎች ሁለቱም ቁራጭ ላይ ይረገጣሉ።

አጽንዖት ትርጉም የሚለውጥበት ጊዜም አለ። «ፎርኮመን» ፎር ላይ ከተረገጠ መከሰት፣ ኮ ላይ ከተረገጠ መከላከል ነው። «ፈርስፕሪንገን» ሲሆን ደግሞ አናባቢው ራሱ ይለወጣል፤ የመጀመሪያው ቁራጭ «ቬር» (ሩቅ) ተብሎ ከተረገጠ የርዝመት ዝላይ፣ ተውጦ «ፈር» ከተባለ ከቦታ ቦታ መዝለል ወይም መንሸራተት። ደቾች ለማሳየት ሲፈልጉ የሚረገጠው አናባቢ ላይ ጭረት ያደርጋሉ፤ ደብዳቤ ላይ እንዲህ ያለ ጭረት ካዩ የአጽንዖት ምልክት ነው።

መገጣጠሚያው ላይ የሚለወጡ ድምፆች

የሚከተለው ማዳመጥ ላይ ብዙ ይረዳል። መገጣጠሚያው ላይ ሁለት ተነባቢ ሲጋጠሙ ማን እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ሁለተኛው ነው።

ሁለተኛው ብ ወይም ድ ከሆነ የፊቱን ነዛሪ (እንደ ብ፣ ድ፣ ዝ ጉሮሮን እያንቀጠቀጠ የሚወጣ) ያደርገዋል። «ዛክ» (ኪስ) እና «ዱክ» (ጨርቅ) ተጋጥመው «ዛግዱክ» (መሐረብ) ይሆናሉ። ደች ለአማርኛው ግ የሚሆን ድምፅ በራሱ ቃላት ውስጥ የሚያሰማው እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ የሚጻፈው ግን በካ ነው። «ቩት»+«ባል» ቩድባል (እግር ኳስ)፣ «አስ»+«ባክ» አዝባክ (የሲጋራ መተርኮሻ)።

ሁለተኛው ቭ፣ ዝ ወይም ኸ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ የፊቱ ኢነዛሪ (እንደ ፕ፣ ት፣ ስ ጉሮሮ ሳይንቀጠቀጥ የሚወጣ) ከሆነ ሁለተኛውን ይጎትተዋል። «ስቶፍ»+«ዛውይኸር» ስቶፍሳውይኸር (የአቧራ መጥረጊያ ማሽን)። «ኦፕ»+«ቫንግ» ኦፕፋንግ። «አፍ»+«ቫል» አፋል (ቆሻሻ)። «አውይት»+«ዚኽት» አውይትሲኽት (እይታ)። ከላይ ኸዞንትሄይትስ+ዞርኽ ብዬ የጻፍኩትም በአፍ ዜቷን አጥቶ «ኸዞንትሄይትሶርኽ» ነው የሚሆነው።

ሁለቱ ተነባቢዎች አንድ ዓይነት ከሆኑ አንዱ ይቀራል። «ሃንት»+«ዱክ» ሃንዱክ (ፎጣ)፣ «ፋውይልኒስ»+«ዛክ» ፋውይልኒሳክ (የቆሻሻ ከረጢት)። «ስታሾንስ+ስትራት» በጽሑፍ ሁለት ኤስ አለው፤ አንዷ አያያዥ መሆኗን ማወቅ የሚቻለው «ስታሾንስ+ፕሌይን»ን አይቶ ነው። በአፍ ግን አንድ ስ ብቻ ይሰማል።

ኤን ደግሞ ከብ እና ከፕ በፊት ም ትሆናለች። እርስዎ የሚማሩለት ፈተና ራሱ ሲፈጠን «ኢምቡርኸሪንግ» ነው የሚባለው። ሦስት አራት ተነባቢ ሲደራረብ መካከል ላይ ያለችው ቴ ትጠፋለች፤ «ፖስት+ቦደ» (ፖስተኛ) ፖስቦደ፣ «ኬርስት+ሚስ» (ገና) ኬርስሚስ። ቴዋን ቢሏት ማንም አይነቅፍዎትም። ሳትባል ስትሰሟት ግን ሌላ ቃል እንዳይመስልዎት።

አያያዥዋ ኤን የብዙ ሰው ጥያቄ ናት። «ፓነኩክ» (የመጥበሻ ቂጣ) በጽሑፍ በመካከሉ ኤን አለው፤ የገባችው በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የአጻጻፍ ማሻሻያ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለ ኤን ይጻፍ ነበር። ደንቡ የፊተኛውን ስም ብዙ ቁጥር ያያል፤ ብዙ ቁጥሩ በኤን ብቻ የሚያልቅ ከሆነ ኤን ይጻፋል። በኤንም በኤስም ከሆነ አይጻፍም፤ «ኽሩንተ+ሱፕ» (የአትክልት ሾርባ) ያለ ኤን የሆነው ለዚህ ነው። እንደ ፀሐይ በዓለም ላይ አንድ ብቻ የሆነ ነገርም ኤን አይወስድም፤ «ዞነ+ስኼይን» (የፀሐይ ብርሃን)። አፍ ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። በአብዛኛው የኔዘርላንድስ ክፍል በደካማ አናባቢ ላይ የምታልቅ ኤን አትነበብም፤ ፓ-ነ-ኩክ፣ ዚ-ከ-ሃውይስ። በግሮኒንገን በኩል በሰሜን ምሥራቁ ተቃራኒውን ይሰማሉ፤ ኤን ትቀራለች፣ የምትዋጠው አናባቢዋ ናት።

አናባቢ ከአናባቢ ሲጋጠም ጉዳዩ የጽሑፍ ነው። አንድ ድምፅ ተብለው ሊነበቡ የሚችሉ ፊደላት ከተገናኙ ሰረዝ ይገባል፤ «አውቶ-ኦንኸለክ» (የመኪና አደጋ) ሁለት ኦ ስላጋጠመው። «ፖሊሲ+አኸንት» (ፖሊስ) ግን ማንም ስለማይሳሳትበት ያለ ሰረዝ ይገጠማል። «ኸሜንተ+አምተናር» (የማዘጋጃ ሠራተኛ) ላይ በመካከሉ ጉሮሮዎን ዘጋ ከፈት ያድርጉ፣ ተ እና አ እንዳይዋሃዱ። አምተናር ውስጥ ቤ ትጻፋለች፣ አትነበብም።

አማርኛ ተናጋሪ የሚሳሳትባቸው

ሁለት ልማዶቻችን ያስቸግሩናል። አንደኛው ጥብቀት ነው። ለእኛ «አለ» ላልቶ ሲነበብና ጠብቆ ሲነበብ ሁለት ቃል ነው፤ ስለዚህ ድርብ ፊደል ስናይ እናጠብቃለን። ደች ድርብ ተነባቢ ቢጽፍም አያጠብቅም። ፓነኩክ ውስጥ ኤን ሁለት ጊዜ የተጻፈችው ፓ አጭር እንድትሆን ነው እንጂ «ነ» እንድትጠብቅ አይደለም። ፈርኸኒንግም፣ ሃንዱክም ላልተው ነው የሚነበቡት።

ሁለተኛው ሳድስን ማስገባት ነው። ተነባቢ ሲደራረብ ምላሳችን በየመካከሉ ሳድስ ያስገባል፤ «ስትራት» (መንገድ) በእኛ አፍ «እስትራት» ወይም «ስ-ት-ራት» ተብሎ ሁለት ሦስት ቀለም ይሆናል። የደቹ አንድ ቀለም ነው። በጥምር ቃል ሲደመር ችግሩ ይበዛል፦ «አንግስት+ስኽሬው» (የፍርሃት ጩኸት) መሃሉ ላይ ስምንት ተነባቢ ፊደል ተከታትሎ ይጻፋል፣ ቀለሙ ግን ሁለት ብቻ ነው። መፍትሔው ስ ላይ አየሩን ማስረዘም ነው፤ ስስስ እያሉ ምላስን ለሚቀጥለው ድምፅ ማዘጋጀት፣ ከዚያ ሳይቆሙ መግባት።

የሚገርመው ደቾች ራሳቸው አንድ ቦታ ላይ እንደኛ ያስገባሉ። ኤል ወይም ኤር ከካ፣ ከኤም፣ ከፔ ወይም ከኤፍ ጋር ሲጋጠም በንግግር ትንሽ አናባቢ ያደርጉበታል፤ ወተት «ሜለክ»፣ ፊልም «ፊለም»፣ መንደር «ዶረፕ»፣ የደልፍት ከተማ «ዴለፍት»። እዚህ ላይ የእኛ ልማድ አይጎዳም። በጽሑፍ ግን እንደ ቀለም አትቆጠርም፤ ሜልክ አንድ ቀለም ነው።

ለዚህም ነው ደብተርዎ ላይ የደች ቃል በፊደላችን እንዳይጽፉ የምመክረው። እኔ እዚህ የጻፍኩት ለማስረዳት ነው፤ ፊደላችን እያንዳንዱን ተነባቢ ከአናባቢ ጋር ስለሚሰጥ ዓይንዎ የሌለ ሳድስ እንዲያነብ ይገፋፋዋል። በላቲኑ ይጻፉትና መገጣጠሚያው ላይ ቁም መስመር ያድርጉ፣ የሚረገጠውን ቀለም ያስምሩበት፣ የማትነበበዋን ኤን ይሰርዟት።

አንድ ቃል አብረን እንሥራ፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ «ፈርብሌይፍስፈርኸኒንግ»። ከኋላ ሲታይ ፈርኸኒንግ (ፈቃድ) አለ፣ ከፊቱ ፈርብሌይፍ (መኖሪያ)፣ በመካከላቸው አያያዥ ኤስ። ቁም መስመሩ ከኤስ በኋላ ይገባል። የመጀመሪያው ቁራጭ ፈር- የሚል መነሻ አለው፣ ስለዚህ የሚረገጠው ብሌይፍስ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ኤስ እና ፌ ተገናኝተዋል፤ ኤስ ኢነዛሪ ስለሆነች ፌዋ ፍ ሆና ትነበባለች። መጨረሻው ላይ ኤን ድርብ ናት፣ አትጠብቅም። አሁን ከኋላ ወደፊት እየጨመሩ ይበሉት፦ ኒንግ፤ ኸ-ኒንግ፤ ፈር-ኸ-ኒንግ፤ ብሌይፍስ-ፈር-ኸ-ኒንግ፤ ፈር-ብሌይፍስ-ፈር-ኸ-ኒንግ። ከኋላ የሚጨመረው የቃሉ መጨረሻ አፍ ላይ አስቀድሞ ስለሚለመድ ነው። ከፊት የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደነቃቀፈው መጨረሻው ላይ ነው። ብሌይፍስ ላይ ሲደርሱ በጣት ጠረጴዛ ይምቱ፣ ሌሎቹን በለሆሳስ ይለፏቸው። መጀመሪያ አካባቢ የተጋነነ ሊመስልዎት ይችላል፤ ለደች ጆሮ ግን ልኩ ነው።

በእጅ ለሚጽፍ

ፈተናው ቃል በቀለም ቁረጡ ብሎ አይጠይቅም፤ ኮምፒውተር ደግሞ ራሱ ይቆርጣል። በእጅ ሲጽፉ መስመር ካለቀ ቃሉን እንዳለ ወደ ታች ማውረድ ይሻላል። መቁረጥ ካስፈለገ መጀመሪያ መገጣጠሚያው ላይ ይቁረጡ፣ ነጠላ ፊደል ብቻዋን አይተዉ፤ አ-ቮንት ብሎ አዋን መስመር መጨረሻ ላይ ማስቀረት አይፈቀድም። ሁለት ነጥብ በላይዋ ያላት ኤ ከሰረዝ በኋላ ከመጣች ነጥቦቿ ይወድቃሉ፤ ሃያ ሁለት የሚለውን ቁጥር ትዌ ላይ ሲቆርጡ እንደሚሆነው። ማሳነሻው «-ትየ» ለመጨመር ሲባል የተደረበች አናባቢም ሰረዙ ላይ ትቀነሳለች። ኬርስቶማትየ ላይ ልዩነቱ የሚታየው እዚህ ነው፦ ቲማቲሟ ቶማት-የ ተብላ ሁለቱን አ ይዛ ትቆረጣለች፣ አያቲቱ ደግሞ ኦማ-ትየ ተብላ አንዱን አ ታጣለች።

ለማጣራት የደች ቋንቋ ኅብረት «ኽሩነ ቡክየ» የሚባለው ይፋዊ የቃላት ዝርዝር አለ፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፣ የጽሑፉን መቁረጫ ቦታዎች ያሳያል። አጽንዖቱን ለማየት የቫን ዳለ መዝገበ ቃላት ይሻላል። በሁለቱም ውስጥ የሚፈልጉትን ረጅም ቃል ካጡ አይደንግጡ፤ ደች ጥምር ቃልን እንደልብ ስለሚሠራ «ሂዩርቱስላኽአንፍራኽፎርሙሊር» (የቤት ኪራይ ድጎማ ማመልከቻ ቅጽ) ዓይነቱ ሁሉ ሊመዘገብ አይችልም። ቁራጮቹን ለየብቻ ይፈልጉ፣ ከፎርሙሊር ይጀምሩ፤ ለብቻው ሲሆን ሊር ላይ የሚረገጥ ቃል ነው፣ እዚህ ግን ሂዩር ዋናውን አጽንዖት ስለወሰደበት ሊር ለስለስ ብሎ ያልፋል።